በፊልም ካሜራ ሰሜን ሸዋን መዞር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በአሮጌ ካሜራ እንደምዞር የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ መልሼዋለሁ።

ስልክ እያለ ፊልም ለምን?

ስልክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እኔም የዕለት ተዕለቱን የማነሳው በስልክ ነው። ግን አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፣ አለቀ። የሁለት ቀን ጉዞ ላይ ለቀን 18 ይደርሳችኋል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ዓይናችሁ ከማስጠጋታችሁ በፊት ሰውየውን ታዩታላችሁ፣ ታዋሩታላችሁ፣ ቡና ከጠራችሁም ትጠጣላችሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳታነሱ ትመለሳላችሁ፤ እሱም ይለመዳል።

ሌላው ነገር፣ ያነሳችሁትን እዚያው ማየት አትችሉም። ገጠር ውስጥ ልጆች «አሳየን!» እያሉ ከኋላ ሲዞሩ የሚጠብቃቸው ጥቁር ጀርባ ነው። መጀመሪያ ይናደዳሉ። ቀጥለው «ታዲያ መቼ ነው የሚደርሰው?» ይላሉ። የፊልም ጣጣውም ጥቅሙም ያለው እዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

ካሜራ ከየት ላምጣ?

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። የአጎት ወይም የአያት ቁም ሳጥን ውስጥ ዜኒት ወይም ያሺካ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ዜኒት የሶቪየት ሥሪት ነው፤ ከባድ ነው፣ ሲተኮስም በር የተዘጋ ይመስላል። ግን ይሠራል። ዜኒት ኢ ጭራሽ ባትሪ አይፈልግም። የብርሃን መለኪያው ሴሌኒየም በሚባል ነገር ነው የሚሠራው፤ ካረጀ ግን ይዋሻል፣ አትመኑት። ልግዛ ካላችሁ ፔንታክስ ኬ1000 ለጀማሪ ይመቻል። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተመረተ ስለሆነ በብዛት አለ። ባትሪው ቢያልቅ የሚቆመው መለኪያው ብቻ ነው፤ ካሜራው ማንሳቱን ይቀጥላል። መብራትና ሱቅ ከሌለበት አገር ስትገቡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን ክፈቱና ወደ መስኮት አዙራችሁ ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ፣ በየፍጥነቱ ተኩሱ። አንድ ሰከንዱ አንድ ሰከንድ ይመስላል? በሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጥፍር ንኩት፤ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀባችሁ ብርሃን ያስገባል፣ መቀየር አለበት። ሌንሱን ወደ መብራት አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ተዉት።

የትኛውን ፊልም ልያዝ?

አንድ ዓይነት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ባለ 400 ጥቁርና ነጭ (ቁጥሩ ሲበልጥ ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ይሠራል)። ለጠዋት ጉም፣ ለጎጆ ውስጥም ለቀትርም ይሆናል። እኔ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ነው የለመድኩት። በቀለም ከሆነ ኮዳክ ጎልድ 200 ለደጋው ፀሐይ ይበቃል።

ሱቅ ገብታችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገር አለባችሁ። ዘመዱ ፊልሙን በሻንጣ እንዳይልከው፣ በእጁ እንዲይዘው ንገሩት። ለሻንጣ የሚጠቀሙበት የአውሮፕላን ማረፊያ ጨረር ጠንካራ ነው፣ ፊልም ያበላሻል። አዳዲሶቹ የእጅ ዕቃ መፈተሻዎችም የማይታመኑ ስለሆኑ በእጅ ፈትሹልኝ ብሎ በትህትና መጠየቅ ነው። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ፊልም ካገኛችሁ ደግሞ፣ በየአስር ዓመቱ አንድ እርከን ብርሃን ጨምሩለት (አንድ እርከን ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፤ የቆየ ዘዴ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ለመጀመሪያ ጉዞ የት ልሂድ?

አንኮበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስም ይቻላል፣ ማደር ግን ይሻላል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የወጣቱ ምኒልክ ከተማ የነበረችው ይህች ቦታ በገደል አፋፍ ላይ ናት። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ስትወጡ በምሥራቅ በኩል ምድሩ ዝም ብሎ ወደ አፋር ይወርዳል። ካሜራ ወደዚህ አገር ሳይለመድ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሰዓሊ ነበር። አንኮበርን በእጁ ሳላት። እኔ እዚያ ስቆም ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። 36 ፎቶ አነሰኝ የሚል ሰው አንዱን ኮረብታ በእርሳስ ለመሳል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይሞክር።

ከዚያ በታች አልዩ አምባ አለች፤ የጥንት የነጋዴዎች ገበያ ናት። በእግር ወርዶ መመለስ ይቻላል። መውረዱ ቀላል ነው። መመለሱን ጉልበታችሁ ይንገራችሁ።

ሁለተኛው ጉዞ መንዝ ይሁን። መሐል ሜዳ አድራችሁ ጓሳ ውጡ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቀን አትሩጡ። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ላይ ያድሩና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሣር በሎች ስለሆኑ እየነጩ ቁጭ ይላሉ፤ በተራ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንኳ ይነሳሉ። ቀይ ቀበሮ ግን በ50 አይነሳም። በዓይናችሁ እዩትና ተደሰቱ። ጓሳ ላይ የሚገርመኝ ሣሩ ራሱ ነው። ያገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ በስምምነት ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል። የመጀመሪያ ጥቅሌን ለማሳጠብ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አቅቶኝ ስነጫነጭ፣ እዚያ ያገኘሁት አንድ ጥበቃ ምን ብሎ እንደሳቀብኝ አልነግራችሁም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ጥቅምትና ኅዳር። አየሩ ጥርት ይላል፣ አዝመራ ይታጨዳል። ጅሩና እነዋሪ በኩል ስንዴው ሲደርስ ማየት ነው። መስከረም አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ መንገዱ ግን ጭቃ አለው። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን በውርጭ ትነጣለች፤ በ2,840 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከወጣችሁ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ለጥቁርና ነጭ ግሩም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ለሚወድ ብቻ።

የፎቶዎቼ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል። ለምን?

በጋቢው ምክንያት ነው። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲቆም «ኧረ ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ይቀንሳል። ጋቢው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። የካሜራው መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም፤ የጻፉት ሰዎች ገበያ ቀን መንዝ አልዋሉም። መፍትሔው ሰውየውን ትቶ በዚያው ብርሃን ላይ ያለ የድንጋይ ካብ ወይም ሣር መለካት ነው። የእኛ አገር የድንጋይ አጥር ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ካብ ከሌለ አንድ እርከን ክፈቱ። ነጌቲቭ ፊልም፣ ታጥቦ ሲወጣ ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታየው፣ ብርሃን ቢበዛበት ይችለዋል። ቢያንሰው ግን ጥላ ውስጥ የነበረው ነገር አይመለስም።

መለኪያ ከነጭራሹ ከሌላችሁ፣ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) 16 ላይ አድርጉና ሻተሩን ለፊልሙ ቁጥር አቅርቡት፦ ባለ 200 ከሆነ 1/250፣ ባለ 400 ከሆነ 1/500። ስስ ደመና ሲመጣ 11፣ ሲጨምር 8፣ ሰማዩ ሲከብድ 5.6። ቀትር ላይ ግን ባርኔጣ ያደረገ ሰው አታንሱ፤ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ከጠዋቱ እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው ጊዜው።

ከጣርማ በር ስወርድ ሌንሱ ላብ ያልበዋል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ዋሻ አፍ ላይ ስትቆሙ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ሹራብ ማውለቅ ነው። የቀዘቀዘ ብርጭቆ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኝ ጤዛ ይይዛል። ካሜራውን ደጋ ላይ ሳላችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቋጥሩት። ቆላ ስትደርሱ ግማሽ ሰዓት ሳትፈቱ ተዉት። በቃ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ከገጠማችሁ መለኪያው ይታለላል፤ እንደ ጋቢው ነው፣ አንድ እርከን ጨምሩ።

ሙሉ ጥቅል አንስቼ ፊልሙ ባዶ ወጣ። ምን አጠፋሁ?

አይዟችሁ፣ ሁላችንም በዚህ በር አልፈናል። ፊልሙ አልያዘም ነበር ማለት ነው። እኔ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሁለት ቀን ሙሉ አንስቻለሁ። ጉሙን፣ ዋሻውን፣ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱን የከበቡትን ቆሎ ሻጮች። ቁጥሩ 36 አለ፣ 37፣ 38። «ዛሬ እግዜር ጨመረልኝ» ብዬ ደስ አለኝ። 40 ሲል ነው የገባኝ። ፊልሙ ከቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም።

ስታጎርሱ ጫፉ ማዞሪያው ላይ በደንብ መያዙን ሳታዩ ጀርባውን አትዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ በግራ በኩል ያለችውን መጠቅለያ በቀስታ አዙራችሁ ወጥሩ። ከዚያ ፊልም በገፋችሁ ቁጥር እሷ አብራ መዞር አለባት። ካልዞረች ባዶ ካሜራ ነው የያዛችሁት።

የት ነው የማሳጥበው? ቤት ማጠብስ ይቻላል?

የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ሙቀት የሚታጠብ፣ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ሲዛባ ቀለሙ የሚቀየር ስለሆነ አዲስ አበባ ለሚያጥቡ ሰዎች ስጡት። ስትሰጡ በመጀመሪያ ደረጃ «ነጌቲቩን እፈልገዋለሁ» በሉ። አንድ ፎቶ ቤት ስካን አድርጎ በስልክ ላከልኝና ነጌቲቩን ስጠይቅ «እሱን እኮ ጣልነው» አለኝ። ሦስት ጥቅል! ዋናው ዕቃ ነጌቲቩ ነው፤ ስካን ቅጂው ነው።

ጥቁርና ነጭ ግን ቤት ይታጠባል። በቡናም ይታጠባል፣ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ መምህርና ተማሪዎቹ ያወጡት ዘዴ ነው፦ ፈጣን ቡና (በውሃ የሚሟሟው)፣ ሶዲየም ካርቦኔት፣ በኋላም ቫይታሚን ሲ ተጨመረበት። የምግብ ሶዳ አይሆንም። የሚያሳዝነው፣ የኛ ጥሩ ቡና ለዚህ አይመረጥም፤ ርካሹ ሮቡስታ ነው የሚሻለው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ድሮስ ያ ቡና ለምን ይሆናል» አለች። ቡናው ምስሉን ያወጣል እንጂ አያጸናውም፤ ለማጽናት ሃይፖ የሚባለው ኬሚካል የግድ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ የቧንቧ ውሃ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ አሙቁት፤ አለዚያ ሥራው ይጓተትና ምስሉ ይሳሳል። ፊልሙን ወደ ማጠቢያው የማስገባው ጥቁር ከረጢት ስለሌለኝ ሌሊት መብራት አጥፍቼ በሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሥር ነው። ላብ በላብ ሆኜ እወጣለሁ፣ ግን ይሠራል።

መንገዱ ሰላም ነው? ብቻዬን ልሂድ?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ትናንት ክፍት የነበረ ዛሬ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከማንም በፊት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችንና እዚያ የሚኖር የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። «ተዉ» ካሉ ተዉ። ፊልሙ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል።

ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አታንሱ። ትልቅ ሌንስም አትያዙ። ኬላ ላይ ፈታሽ ካሜራውን ክፈት ካላችሁ አትከራከሩ፤ ፊልሙን ጠቅልላችሁ አውጡና ከዚያ ክፈቱለት። አንድ ጊዜ አባቱ ዜኒት እንደነበራቸው የነገረኝ ፈታሽ አጋጥሞኛል፤ ወሬው ከፍተሻው ረዘመ። ብቻችሁን ከሆነ ግን ቢያንስ የት እንደምታድሩ ለሰው ተናግራችሁ ሂዱ።

ሰው ሳነሳ ምን ልበል? ብር ቢጠይቁኝስ?

ሰላምታ መጀመሪያ። እውነተኛ ሰላምታ፦ እንዴት አደሩ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው። ካሜራው አንገታችሁ ላይ ይታይ፣ አትደብቁት። ከዚያ «ፎቶ ላንሳዎት?» ነው። እምቢ ካሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መቀመጥ እንጂ መለማመጥ አያምርም። የሚገርመው፣ ከእምቢታ በኋላ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ብዙዎቹ ራሳቸው ይጠሯችኋል።

ብርን በተመለከተ ሰው ይለያያል። እኔ ለፎቶ ብር አልሰጥም፤ ፎቶውን ነው የምሰጠው። ከሚሸጥ ሰው ግን እገዛለሁ፣ ሥራውን አስቁሜበታለሁና። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፣ ቅዳሴ ላይ ጭራሽ። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ቦታ ላይ ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ። ሰው በሽታውን ይዞ የመጣበት ቦታ ነው።

እውነት ፊልም ይዞ መጓዝ ሰው ይለውጣል? ወይስ ወሬ ነው?

ግማሹ ወሬ ነው። ጓሳ ላይ ቆሞ ንፋስ ስለመታው የተለወጠ ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ። ተመልሶ መሄድ ግን ይለውጣል። ፊልም ደግሞ በግድ ያስመልሳችኋል፣ ምክንያቱም ዕዳ ያስገባችኋል።

አንድ ምሳሌ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ሲፈትሉ አገኘሁ። መንዝ የባና፣ የዚያ የበግ ፀጉር ልብስ፣ አገር አይደለች? አስፈቅጄ ተጠጋሁና ፊታቸውን ብቻ አነሳሁ፦ ሽበት፣ መስመር፣ የጎን ብርሃን። ራሴን እንደ ጌታ ቆጠርኩት። ከአራት ወር በኋላ በትልቁ አሳትሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ አልዋሽም። ፎቶውን አገላበጡትና «እግሬን ምን አደረግከው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። «ሰው ግማሽ ሆኖ ይነሳል? መጨማደዴን ለቅመህ ሌላውን ተውከው።» ገቡ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ወጡ። የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ካቡ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጅ ወደ ታች፣ ፈገግታ የለም። «አሁን አንሳ።» አንድ ጊዜ አነሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ያ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ቀጥሎ። የመጀመሪያውን አልጠየቅኩም።

እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው እውነተኛ መልክ ሳይዘጋጅ የሚያዘው ነው ብዬ አምን ነበር። እሳቸው ግን ታጥበው የቆሙት ሴት ናቸው እሳቸው ማለት። ያኛው የኔ ነበር። በስልክ አንስቼ እዚያው አሳይቼ ብመለስ ኖሮ «ጥሩ ነው ልጄ» ብለው ይሸኙኝ ነበር፤ ይህን የምሰማውም አልነበረም።

ቃል የገባሁትን ፎቶ ማድረስ ባልችልስ?

መጀመሪያ ቃሉን ቀንሱ። ለሁሉም ሰው «አመጣለሁ» አትበሉ። ትንሽ ደብተር ያዙ፦ የጥቅሉ ቁጥር፣ የፎቶው ቁጥር፣ ስም፣ ደብሩ፣ የገበያ ቀኑ። ገጠር ውስጥ አድራሻ ማለት የገበያ ቀን ነው። በዚያ ቀን ሄዳችሁ ስሙን ብትጠሩ ወይ ራሱን ወይ ጎረቤቱን ታገኛላችሁ። መሄድ ካልቻላችሁ በፖስታ አሽጋችሁ ለሾፌር ስጡ፣ በላዩ ስም ጽፋችሁ። ሁለት ሁለት አሳትሙ፣ አንዱ ይጠፋል።

እኔ ራሴ አሁን ሰባት ሰው አለብኝ። ስድስቱን ከፋሲካ በፊት እጨርሳለሁ። ሰባተኛዋ ደብረ ሲና ቆሎ የምትሸጠው ናት፣ በዚያ ባልያዘው ፊልም ያነሳኋት። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በመስኮት ታየኝና «አንተ ልጅ፣ ፎቶዬስ?» ትላለች። ፊልሙ ባዶ ነበር ብያታለሁ፣ አላመነችኝም። እንደገና ላንሳሽ ስላት «መጀመሪያ ያኛውን አምጣ» ትለኛለች።